ክፍሉ ውርጭ፣ ዲስኩ እሳት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ደገኛውም ቆለኛውም የጠየቀን ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር) ውስጥ ስላለ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ዲስክ፣ ሙቀት። ስለዚህ አንድ ላይ አደረግናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ከደብረ ብርሃን

«የሰርቨር ክፍላችን ኤርኮንዲሽነር የለውም፤ በዚህ ብርድ ምን ያደርግለታል ብለን ነው። ጠዋት 13 ዲግሪ ነው፣ ቀን ከ19 አያልፍም። ያገለገለ ባለ 2ዩ ሰርቨር ገዝተን፣ በፒሲአይኢ ካርድ (እናት ቦርዱ ላይ በሚሰካ ተጨማሪ ካርድ) ላይ ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ኤም ዶት ቱ ኤንቪኤምኢ (ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት) ገጠምንበት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ሲጀምር ይፈጥናል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንቀራፈፋል። ሙቀቱን ስናየው 81 ይላል። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን?»

ሴንሰሩ ደህና ነው፤ ዲስኩ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንዲያውም ለችግሩ በከፊል ተጠያቂው ክፍሉ መብረዱ ራሱ ነው።

የሰርቨር ማራገቢያዎች ራሳቸውን አያዙም፤ ፍጥነታቸውን የሚወስነው በእናት ቦርዱ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ነው። መቆጣጠሪያው የሚያነበው ከፊት የሚገባውን አየር፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ፓወር ሰፕላዩን ነው። እናንተ ከገበያ ገዝታችሁ በካርድ የገጠማችሁትን ኤም ዶት ቱ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። የሚገባው አየር 13 ዲግሪ ነው፤ ፕሮሰሰሩም በዚያ ሰዓት ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያው አገር ሰላም ነው ብሎ ማራገቢያዎቹን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት ያወርዳቸዋል። ባክአፕ ደግሞ የሚያለፋው ዲስኩን እንጂ ፕሮሰሰሩን አይደለም። ክፍላችሁ 24 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ማራገቢያዎቹ ፈጠን ብለው ስለሚዞሩ ዲስኩ አሁን ካለበት ቀዝቀዝ ሊል ይችል ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለው እኩያው ከሚመዝነው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ይመዝናል። ማራገቢያ አየርን የሚገፋው በስፍር ነው፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። በቁጥር እንየው። 500 ዋት የሚወስድ ሰርቨር ውስጥ የሚያልፈው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ፣ ጅቡቲ ላይ በሰዓት 150 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን 210 ገደማ ያስፈልጋል። ማራገቢያው ሳይፈጥን በዚያው ከዞረ 10 ዲግሪው ወደ 14 ይጠጋል።

አምራቾችም ይህን ያውቁታል። የብዙ ሰርቨሮች መመሪያ የሚገባው አየር እስከ 35 ዲግሪ ይፈቀዳል ካለ በኋላ፣ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቀንሱ የሚል በትንንሽ ፊደል የተጻፈ መስመር አለው። በዚህ ሒሳብ ደብረ ብርሃን ላይ ጣሪያው ከ28 እስከ 29 ዲግሪ ነው። 35 የሚለውን ብቻ አንብቦ መመሪያውን የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ዲስኩ ራሱ ነው። ኤም ዶት ቱ 22 በ80 ሚሊሜትር የሆነች ራቁት ሰሌዳ ናት። ሥራ ሲበዛባት ከ6 እስከ 9 ዋት ትወስዳለች፤ አብዛኛው ሙቀት የሚወጣው ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር ከምታህለው ኮንትሮለር (ዲስኩን ከሚመራው ቺፕ) ነው። ለሰርቨር የሚሠራው ዩ ዶት ቱ እስከ 25 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ ነገር ግን ከፊት፣ ቀዝቃዛው አየር በሚገባበት ቦታ ይቀመጣል፣ የብረት ቅርፊቱም እንደ ሂትሲንክ (ሙቀትን ተቀብሎ ለአየር እንደሚሰጥ ብረት) ያገለግላል። የእናንተው ከኋላ፣ ሌላው ዕቃ ያሞቀውን አየር ነው የሚቀበለው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን መንቀራፈፉ በእርግጥ ከሙቀት መሆኑን አጣሩ፤ የሚመሳሰል ሌላ ጣጣ አለና። ለቤት ኮምፒውተር የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች ከፊል ቦታቸውን በአንድ ሴል (መረጃ በሚያዝባት ትንሿ ክፍል) አንድ ቢት ብቻ እየጻፉ እንደ ፈጣን መቀበያ ይጠቀሙበታል። ኤስኤልሲ ካሽ የሚባለው ይህ ነው። ባክአፕን የሚያህል ጭነት ሲመጣ ካሹ ይሞላና ዲስኩ 45 ዲግሪ ላይ ሆኖም ፍጥነቱ ያሽቆለቁላል። ካሽ ሲሞላ ፍጥነቱ የሚወርደው ዲስኩ ያለው ባዶ ቦታ እስካልተለወጠ ድረስ ሁልጊዜ በተቀራረበ የጊጋባይት መጠን ላይ ነው፤ ከወረደም እዚያው ይቆያል። ሙቀት ሲሆን ግን ፍጥነቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ዲስኩ ይቀንሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይፈጥናል፣ ተመልሶ ይሞቃል። የሚታመን ሙከራ ከፈለጋችሁ ማራገቢያዎቹን ለአንድ ሌሊት ወደ ሙሉ ፍጥነት አውጥታችሁ ያንኑ ባክአፕ ድገሙ። ዲስኩ 60 ላይ ቆሞም እንደ ድሮው ከተንቀራፈፈ ጥፋቱ የካሹ ነው፤ የምትገዙት ሂትሲንክም አያድነውም።

ማስረጃው ዲስኩ ውስጥም ተመዝግቧል። ሊኑክስ ላይ ስማርትሞንቱልስ የሚባለውን ፓኬጅ ጭናችሁ የዲስኩን የጤና ሪፖርት አውጡ። «ክሪቲካል ዋርኒንግ» ከሚለው አጠገብ 2 ቁጥር ካለ ዲስኩ አሁን ከሙቀት ገደቡ ውጭ ነው ማለት ነው። ከታች ደግሞ «ዋርኒንግ ቴምፕሬቸር ታይም» እና «ክሪቲካል ቴምፕሬቸር ታይም» የሚሉ መስመሮች አሉ። ዲስኩ ከተሠራ ጀምሮ በማስጠንቀቂያውና በአደጋው እርከን ላይ ስንት ደቂቃ እንዳሳለፈ ይቆጥራሉ፤ ወደ ዜሮ አይመለሱም። ዛሬ ያለውን ቁጥር ጻፉት፣ ከሳምንት በኋላ አመሳክሩ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ነፃ ከሆነው ጀምሩ፤ የማራገቢያውን ትእዛዝ ለውጡ። ዴል ከሆነ አይዲራክ (የሰርቨሩ የርቀት መቆጣጠሪያ) ውስጥ ገብታችሁ «ፋን ስፒድ ኦፍሴት» የሚለውን ከፍ አድርጉ ወይም የማራገቢያውን ዝቅተኛ ፍጥነት ወሰን 35 በመቶ አድርጉ። ኤችፒኢ ከሆነ ባዮሱ (ሰርቨሩ ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ የሙቀት አያያዙን ከ«ኦፕቲማል ኩሊንግ» ወደ «ኢንክሪስድ ኩሊንግ» ቀይሩ። ሱፐርማይክሮ ከሆነ የማራገቢያ ሁነታውን «ሄቪ አይኦ» አድርጉ፤ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ካርድ ነው። አንዳንድ ሰርቨሮች የማያውቁት የፒሲአይኢ ካርድ ሲገባ ራሳቸው ማራገቢያውን ያፈጥናሉ፤ ጩኸቱን ለመቀነስ ብላችሁ ያንን በትእዛዝ አጥፍታችሁት ከሆነ መልሱት። በአንድ ጊዜ ወደ 100 በመቶ መሄድ ግን አያስፈልግም። ማራገቢያ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲጨምር የሚወስደው ኃይል በ70 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ዕድሜውም ያጥራል። በ5 በመቶ እየጨመራችሁ ዲስኩ በባክአፕ መሐል ከ65 በታች የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ።

ቀጥሎ ሰርቨሩን ክፈቱና ያገለገለ ዕቃ የሚጎድለውን እዩ። ከፊት ዲስክ ያልገባባቸው ቀዳዳዎች የፕላስቲክ መዝጊያ አላቸው? በፕሮሰሰሩ ላይ የሚደፋው የአየር መምሪያ ፕላስቲክ አለ? ከኋላ ባዶ የሆኑት የካርድ ቦታዎች ክዳናቸው ተገጥሟል? አየር እንደ ውኃ ነው፤ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል። አንድ ቀዳዳ ክፍት ከሆነ አየሩ በዚያ ይሾልክና ካርዱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። የጠፋውን መዝጊያ ካጣችሁ፣ ልክ ቆርጣችሁ ከፕላስቲክ ሉህ መሥራት ይቻላል። ካርቶን ግን አታድርጉ።

ከዚያ በኋላ ሂትሲንክ። በሁለት የካርድ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 20 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከጎን ሌላ ካርድ ካለ ረጅሙን አትግዙ። ክንፎቹ አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ከፊት ወደ ኋላ መዘርጋት አለባቸው። አግድም ከሆኑ ግድግዳ ናቸው። ትንሽ ማራገቢያ የተለጠፈበትን ተዉት፤ አቧራ ቶሎ ይገድለዋል፣ ሲሞትም የሚነግራችሁ የለም። ቴርማል ፓዱ (በቺፑና በሂትሲንኩ መካከል የሚገባው ለስላሳ ሙቀት አስተላላፊ) ግማሽ ወይም አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሆኖ ሲጠብቅ በሩብ ያህል መጨፍለቅ አለበት። የቀጠነ ፓድ ኮንትሮለሩን ሳይነካ ይቀራል፤ የወፈረው ደግሞ ሰሌዳዋን ያጎብጣታል። ቺፖቹ በሁለቱም ፊት ያሉ ከሆነ ከሥርም ፓድ ያስፈልጋል። በዲስኩ ላይ ያለውን መለያ ወረቀት አትላጡ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ከሥሩ መዳብ አለበት፣ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ዋስትናው የተያያዘው ከእሱ ጋር ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ባክአፑ የሚመጣው በአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ ከሆነ በሰከንድ ከ115 ሜጋባይት ገደማ አይበልጥም፤ ያ ዲስኩን 81 አያደርሰውም። 81 የደረሰው ከዲስክ ወደ ዲስክ ስለምትገለብጡ መሆን አለበት። የባክአፕ ሶፍትዌሩ የፍጥነት ወሰን ካለው በሰከንድ 400 ሜጋባይት ላይ ያዙት። እየጋለ፣ እየቆመ ከሚሄድ ዲስክ ይልቅ ረጋ ብሎ የሚሄደው ቀድሞ የሚጨርስበት ጊዜ አለ።

ከሸዋ ሮቢት

«እኛ ቆላ ነን፤ ደብረ ብርሃኖች የሚያሙትን ብርድ አናውቀውም። ክፍላችን 3 በ3 ሜትር ነው፣ አንድ ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤርኮንዲሽነር አለው። ሰርቨሮቹና ስዊቹ አንድ ኪሎዋት ያህል ይወስዳሉ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ 40 ደቂቃ ይይዛል፤ ኤርኮንዲሽነሩ ግን ወዲያው ይቆማል። እሱንም ዩፒኤሱ ላይ እንሰካው?»

አትሰኩት። የኤርኮንዲሽነር ኮምፕሬሰር ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ጅረት ይስባል፤ ዩፒኤሱ ይዘጋና ሰርቨሮቹም አብረው ይወድቃሉ። ቢሸከመው እንኳ 40 ደቂቃው ወደ ጥቂት ደቂቃ ይወርዳል።

ነገር ግን የጠየቁት ነገር ትልቅ ነው። ዩፒኤስ ሲገዛ ሰው የሚያሰላው ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ነው፤ ክፍሉ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ የሚያሰላ የለም። የእርስዎ ክፍል ጣሪያው 2 ሜትር ከ70 ከሆነ ውስጡ 24 ሜትር ኩብ አየር አለ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ 24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ኪሎዋት ይህን አየር በደቂቃ ከ2 ዲግሪ በላይ ያሞቀዋል። ግድግዳውና ወለሉ ከፊሉን ስለሚጠጡት በተግባር ይዘገያል፤ ቢሆንም 24 ዲግሪ የነበረ ክፍል 40 ደቂቃ ሳይሞላ ከ40 ማለፉ የሚጠበቅ ነው። ባትሪው ገና አለሁ እያለ ዲስኮቹ ጣጣ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው።

ዲስኩ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ሰርቨሩ ከፊት የሚገባውን አየር ሙቀት ያሳያል፤ ዲስኩም የራሱን። በባክአፕ ሰዓት ሁለቱን ያንብቡና ያቀናንሱ። አየሩ 24፣ ዲስኩ 50 ከሆነ ልዩነቱ 26 ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እስከዞረ ድረስ ይህ ልዩነት ብዙም አይለወጥም፤ አየሩ 40 ሲሆን ዲስኩ 66 ይሆናል። ብዙ አምራቾች ለኤስኤስዲ የሚጽፉት የሥራ ገደብ ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ነው። ለእያንዳንዱ ሰርቨር ይህን ልዩነት በወረቀት ጽፈው ራኩ (የሰርቨሮቹ መደርደሪያ) በር ላይ ይለጥፉት። ልዩነቱ በስድስት ወር ውስጥ ከ26 ወደ 33 ካደገ ጥፋቱ የአየሩ አይደለም፤ ወይ አቧራ ገብቷል፣ ወይ አንድ ማራገቢያ ደክሟል።

ዩፒኤሱ ላይ መሰካት ያለበት የግድግዳ ማስወጫ ማራገቢያ ነው። አንድ ኪሎዋትን በ8 ዲግሪ ልዩነት ለማውጣት በሰዓት 450 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይበቃል። ዲያሜትሩ 25 ሳንቲሜትር የሆነ ማራገቢያ ብዙ ጊዜ ይህን ያወጣል፤ የሚወስደውም ከአንድ ስዊች ብዙ አይበልጥም። ከራኩ ጀርባ፣ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ይገጠም። ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ከታች፣ ስፋቱ ከማራገቢያው ያላነሰ፣ ወንፊትና ማጣሪያ ያለው መግቢያ ይከፈት፤ መግቢያ የሌለው ማስወጫ ማራገቢያ ጩኸት ብቻ ነው። ኤርኮንዲሽነሩ ሲሠራ ሁለቱም ይዘጉ። ሚያዝያ ቀትር ላይ ከውጭ የሚገባው 36 ዲግሪ ቢሆን ምን ይጠቅማል ይሉ ይሆናል። ዝግ ክፍል ውስጥ ከሚደርሰው 45 ይሻላል፤ ሌሊት ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

ከዚያ ሰርቨሮቹን መዝጋት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የከፍታ ቅናሹ ከአንድ ዲግሪ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ 35 የነበረው ወደ 34 ይወርዳል። እኛ ብንሆን የሚገባው አየር 28 ሲደርስ በስልክ መልእክት እንዲመጣ፣ 31 ሲደርስ ባክአፑ እንዲቆምና የማያስቸኩሉት ሰርቨሮች እንዲጠፉ፣ 34 ሲደርስ ዳታቤዙ ያለበትም ጭምር ሥርዓቱን ጠብቆ እንዲዘጋ እናደርጋለን። ኤስኤስዲ ሲግል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህ ጥበቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን አንዳንዱ ራሱን ያጠፋል፣ ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ሥርዓት) ውስጥ ያለ ዲስክ ደግሞ መልስ ሲዘገይ እንደሞተ ተቆጥሮ ይባረራል። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ዲስኮች የሚግሉት አብረው ነውና ሁለት ሦስቱ በአንድ ሰዓት ሊባረሩ ይችላሉ፤ የአንድ ዲስክን መሞት ብቻ የሚችለውን ሬይድ አምስትን የሚጥለው እንዲህ ያለው ቀን ነው።

መብራት ሲመለስ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ኤርኮንዲሽነሮች ኃይል ሲመለስ ጠፍተው ነው የሚቀሩት፤ ሪሞቱን የሚጫን ሰው ይጠብቃሉ። በራሱ መነሳቱ፣ «አውቶ ሪስታርት» የሚባለው፣ መብራቱን ከዋናው ማጥፊያ አጥፍቶ በማብራት ይፈተሻል። ከተመለሰ በኋላ ኮምፕሬሰሩ 3 ደቂቃ ያህል ቢዘገይ አትደንግጡ፤ ራሱን እየጠበቀ ነው። ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፍቶ የተመለሰበትን ክፍል ሰኞ ጠዋት ሲከፍቱት ምን እንደሚመስል ከሸዋ ሮቢት ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ኤርኮንዲሽነሩን በ16 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ 23 ላይ ይተዉት። በነገራችን ላይ እዚያ ክፍል ውስጥ ሙቀት ቀድሞ የሚገድለው ዲስኩን አይደለም፣ የዩፒኤሱን ባትሪ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል።

ከደብረ ሲና

«ሰርቨሩ ሲግልብን ክዳኑን አንስተን የጠረጴዛ ማራገቢያ እናቆምበታለን። ጉዳት አለው?»

አለው። ክዳኑ የአየር ቦይ ጣሪያ ነው። ሲነሳ ማራገቢያዎቹ ከፊት የሳቡት አየር በላይ ይሸሻል፤ ከፊት የተደረደሩት ዲስኮችና ከኋላ ያሉት ካርዶች ያለ ነፋስ ይቀራሉ። ብዙ ሰርቨሮች የክዳን ማብሪያ ስላላቸው ማራገቢያዎቹን ወደ ሙሉ ያወጣሉ፤ «ክዳኑን ስናነሳ ቀዘቀዘ» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ክዳኑን መልሱ፣ የማራገቢያውን ዝቅተኛ ፍጥነት ከፍ አድርጉ።

ከመሐል ሜዳ

«የትምህርት ቤት ሰርቨር ነው፤ ማታ እናጠፋዋለን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ክፍሉ 4 ዲግሪ ይሆናል። አዲስ ልንገዛ ነው፤ ሀርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ?»

ኤስኤስዲ፣ ያለ ማመንታት። ሀርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ማንበቢያ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይቀርባል፤ ስለዚህ ለብዙዎቹ የሚጻፈው የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። እናንተ ከ3,000 በላይ ናችሁ፤ ጣሪያው ላይ ቆማችኋል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ከፍታው የሚጎዳው በማቀዝቀዣው በኩል ብቻ ነው።

ስትገዙ የፓወር ሰፕላዩን መለያ አገላብጣችሁ እዩ። በቻይና ደንብ መሠረት ከ2,000 ሜትር በላይ ያልተፈተነ ዕቃ የተራራ ሥዕልና 2,000 የሚል ቁጥር ያለበት ምልክት ይደረግበታል። ያ ምልክት ያለበት ዕቃ ለመሐል ሜዳ አልተሠራም። በሳሳ አየር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚዘል ክፍሎቹ መራራቅ ነበረባቸው። 5,000 የሚለውን ፈልጉ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ኤስኤስዲው 0 ዲግሪ ድረስ ይሠራል፤ ሰርቨሩ ግን ብዙ ጊዜ 10 ዲግሪ ይጠይቃል። መብራት እስካለ ድረስ ሌሊቱን አታጥፉት፤ በየቀኑ መቀዝቀዝና መጋል ብየዳዎቹን ያደክማል። ማጥፋት ግድ ከሆነ ጠዋት ክፍሉ 10 እስኪደርስ ጠብቁ። ለማሞቅ የከሰል ማንደጃ አታስገቡ፤ ሰውን ይመርዛል፣ ጥቀርሻውም ቦርዱ ላይ ይለጠፋል። ሌሊቱን መኪና ላይ ያደረ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ደግሞ ካርቶኑን ወዲያው አትክፈቱ። ተማሪ የሞላበት ክፍል እርጥበት አለው፤ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል። እንደታሸገ ግማሽ ቀን ይቀመጥ።

ከአጣዬ

«ከሰርቨር ያነሳናቸውን ኤስኤስዲዎች ከነመረጃቸው በቆርቆሮ ጣሪያ መጋዘን ውስጥ አስቀምጠናል። ለዓመታት ይቆያሉ?»

አትመኑባቸው። ኤስኤስዲ መረጃ የሚይዘው ሴል ውስጥ በታሰረ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሙቀት ኤሌክትሪኩን ያሾልከዋል። የኢንዱስትሪው መመዘኛ የጽሕፈት ዕድሜውን ለጨረሰ የሰርቨር ኤስኤስዲ የሚጠይቀው፣ ኃይል ሳያገኝ በ40 ዲግሪ 3 ወር ብቻ እንዲይዝ ነው። ለቤት የሚሠራው በ30 ዲግሪ አንድ ዓመት ነው። ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሲጨምር ጊዜው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ብዙ ያልተጻፈባቸው ዲስኮች ከዚህ እጅግ ይቆያሉ፤ የእናንተዎቹ ግን ሰርቨር ላይ ከርመዋል፣ ቆርቆሮ ሥር ያለ መጋዘን ደግሞ ቀትር ላይ ከ40 ማለፉ አይቀርም።

በዚህ ሳምንት ሰክታችሁ መረጃውን ወደ ሀርድ ዲስክ ገልብጡ፤ አጣዬ ላይ የከፍታ ችግር የለም። ኤስኤስዲዎቹን ማቆየት ካለባችሁ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ፣ በየሦስት ወሩ ሰክታችሁ ሙሉውን አስነብቡ። መሰካት ብቻውን አይበቃም፤ ዲስኩ የደከመውን ቦታ የሚያውቀው ሲያነበው ነው።

ዳግመኛ ከደብረ ብርሃን

«ከጥር እስከ መጋቢት ነፋሱ አቧራ ያስገባብናል። ጎሚስታ ቤት ወስደን በኮምፕሬሰር ብናስነፋውስ?»

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ጋኑ ውስጥ ውኃ ያጠራቅማል፣ ዘይትም ይተፋል፤ ግፊቱ ደግሞ ለጎማ እንጂ ለቦርድ አይደለም። ዘይት የነካው ሂትሲንክ በሳምንቱ አቧራውን እንደ ሊጥ ያቦካዋል። የኤሌክትሪክ መንፊያ ወይም ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል።

ሰርቨሩን አጥፍታችሁ የኃይል ገመዶቹን ሁለቱንም ንቀሉ፣ ወደ በረንዳ አውጡት። የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ሳትይዙ አትንፉ፤ ከልኩ በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል፣ እንደ ዲናሞም ኤሌክትሪክ ወደ ቦርዱ ይልካል። ከኋላ ወደ ፊት ንፉ፤ አቧራው የገባው ከፊት ስለሆነ በገባበት ይውጣ። የዲስኮቹን መያዣዎች አንድ በአንድ አውጡ፣ የመጡበትን ቁጥር በእርሳስ ጻፉባቸው፣ ከኋላቸው ባለው ቦርድ ላይ ያሉትን የአየር መስኮቶች አጽዱ። አየሩ ወደ ዲስኮቹ የሚሳበው በእነዚያ መስኮቶች ነው፤ ብዙ ሰው የፊቱን ወንፊት ጠርጎ እነሱን ይረሳቸዋል። በደረቁ ወራት በየስድስት ሳምንቱ፣ በክረምት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ማጣሪያ ስፖንጅ ፊቱ ላይ ልትለጥፉ ካሰባችሁ ከመለጠፉ በፊትና በኋላ የአየሩንና የዲስኩን ልዩነት ለኩ። ከ4 ዲግሪ በላይ ከጨመረ ስፖንጁ ወፍሯል፤ አንሱትና በር ሥር ያለውን ክፍተት ዝጉ።